በሰላምታ የዳነችው ሴት

ኤልዳና መዳኗን የሰማችው አርብ ጠዋት ሊፍት ውስጥ ነው። መሃል ፎቅ ላይ የገባች ጎረቤቷ "እንዴት አደርሽ ኤልዱ? ጭንቅላትሽን እንዴት አደረገሽ?" ስትላት፣ እሷም ወግ እንደሚያውቅ ሰው ሁሉ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብላ መለሰች። ይህን ስትል የሊፍቱ መብራት እንዳይወጋት ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ጎትታ፣ ወለሉ እንዳይዞርባት የግድግዳውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር። ኮሌታዋ ላይ የተሰፋው ሰሚ፣ መጠኑ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህለው፣ ጢን አለና በዚያ ማር በሆነ ድምፁ "እሰይ! ድነሻል" አላት።

ጎረቤቷ እዚያው እልል አለች። በጠባብ ሊፍት ውስጥ የሚለቀቅ እልልታ ለጤነኛ ሰው እንኳ ይከብዳል፤ ኤልዳናማ ጭንቅላቷ ከሁለት የተከፈለ መሰላት። "እንኳን ደስ ያለሽ!" ስትባል "አሜን፣ እንኳን አብሮ ደስ ያለን" አለች። ሌላ ምን ትበል?

በዚያ ዘመን ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰሚ የሌለው ሰው አልነበረም። ሕፃን ሲወለድ ከክትባቱ ጋር ይሰፋለታል፤ ሰው ሲሞት ከመገነዙ በፊት ይፈታለታል። ሐሳቡን ያመነጩት ሰዎች፣ የት አገር እንደተቀመጡ እንጃ፣ ብዙ አጥንተው የደረሱበት ነገር ይህ ነበር፦ ሰው ለሐኪም ይዋሻል። እረፍት ፈልጎ ይዋሻል፣ ኪኒን ፈልጎ ይዋሻል፣ አንዳንዱም የሚያዳምጠው ሰው ስላገኘ ብቻ ይዋሻል። ለጎረቤቱ፣ ለዘበኛው፣ ለእናቱ ግን የሚዋሽበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ የሰው ጤና መለካት ያለበት ነጭ ጋውን ፊት በሚናገረው ሳይሆን፣ መንገድ ላይ "እንዴት ነህ?" ሲባል በሚመልሰው ነው።

ሌላ አገር ይህ ሳይሠራ አይቀርም። እኛ ዘንድ ግን ሰሚ ከገባ ጀምሮ የታመመ ሰው ድራሹ ጠፋ። ሆስፒታሎች ተዘጉ፣ አልጋዎቻቸው ለሆቴሎች ተሸጡ፣ አገሪቱም ከዓለም ጤነኛ ሕዝብ ያላት ተብላ ዋንጫ ተሸለመች። ዋንጫውን የተቀበሉት ባለሥልጣን ወደ መድረኩ የወጡት በሁለት ሰው ተደግፈው ነው። ጋዜጠኛ ስለ ጤናቸው ሲጠይቃቸው "ይመስገን" አሉ፤ ስርጭቱም በጭብጨባ ተዘጋ።

ኤልዳና የተጎዳችው ለቅሶ ቤት ነው። እድራቸው ራሱን የሚተክል አዲስ ድንኳን ገዝቶ ነበር። ቁልፉ ሲነካ ምሰሶዎቹ ከጥቅላቸው እየተምዘገዘጉ ይወጣሉ፣ ሸራው ይወጠራል፣ አግዳሚዎቹም ተራ በተራ ይዘረጋሉ። የእድሩ ዳኛ "ራቅ በሉ!" ብለው ጮኸዋል። ኤልዳና ግን የንፍሮ ሳህን ይዛ ወደ ማድ ቤት ስትቸኩል አልሰማቻቸውም፤ አንደኛው ምሰሶ ቦታውን ሲፈልግ ጭንቅላቷን አገኘ። ስትነቃ ሰው ከቧታል። ከሁሉም ቀድማ የጎነበሰችላት ደግሞ ባሏ ገና ያልተቀበረላት ሐዘንተኛዋ ናት። "ተጎዳሽ እንዴ የኔ እህት?" ትላታለች፣ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ። ባሏ ከሞተባት ሴት ፊት "ጭንቅላቴን አመመኝ" የሚባልበት አፍ ከየት ይመጣል? "ኧረ ምንም አልሆንኩም!" አለች ኤልዳና፣ ንፍሮውን ከፀጉሯ እያራገፈች። ሰሚም አደጋውን "ምንም" ብሎ ያዘው።

ከዚያ ወዲህ ኤልዳና ኤልዳና አይደለችም። ብርሃን ይወጋታል። ማንኪያ ሳህን ሲነካ ጥርሷ ድረስ ይሰማታል። ቃል ይጠፋታል፤ ማንኪያውን ራሱን "ያ… የሚጨለፍበት" ብላ የጠራችበት ቀን አለ። እንቅልፍ እምቢ ይላታል፣ እሺ ካለ ደግሞ አይለቃትም። ከሁሉ የባሰው ግን ነገር ሁሉ ሁለት ሁለት መሆኑ ነው። ጠያቂ በየቀኑ ይመጣል፤ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ "እንዴት ነሽ?" ይላል፣ "ደህና ነኝ" ትላለች፣ ያመሰግናል፣ ይሄዳል። አንዱ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ከሕመሟ ላይ ጥቂት ተቀንሶ ይሄዳል፤ በወረቀት ላይ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ቶሎ የሚድነው ወዳጅ የበዛለት ሰው ነው።

ይህ ሁሉ ባልከፋ፤ ሥራዋ ታወር ክሬን መንዳት ባይሆን። ጠባሴ በኩል በሚሠራው ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ላይ ብረትና ብሎኬት የምታወጣውና የምታወርደው እሷ ናት። ከታች ሆኖ መንጠቆውን የሚያስርና በእጁ ምልክት የሚሰጣት ባሮክ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ወሬ የሚወድ። ባለፈው ሳምንት ሥራው ናፍቋት ለሙከራ ካቢኑ ላይ ወጥታ ቁልቁል ብታይ፣ ሁለት ባሮክ አየች። ሁለቱም ቢጫ ቆብ አድርገዋል፣ ሁለቱም እጃቸውን እያወዛወዙ "አውርጂ" ይሏታል። መንጠቆውን ከየትኛው ባሮክ ታርቀው? ላብ አጠመቃት። መንጠቆውን ባዶውን እንደሰቀለች ተወችውና መሰላሉን በቂጧ እየተንሸራተተች ወረደች።

የሊፍቱ ጢንታ ሳይበርድ አለቃዋ ኢንጂነር ኪሩቤል ደወለ።

"ኤልዱ! እንኳን ማረሽ! ሰኞ እንጠብቅሻለን።"

"ኢንጂነር፣ ዓይኔ እኮ አልተስተካከለም። ሁለት ሁለት ነው የሚታየኝ።"

"አንቺ ደግሞ! እዚህ ድናለች ይለኛል።"

"ይላል እንጂ አልዳንኩም።"

"እንግዲህ ለጎረቤትሽ ምን እንዳልሽ አንቺ ታውቂያለሽ" አለ፣ ድምፁ ውስጥ ቅያሜ ገባ። "ድኖ ሥራ ያልገባ ሰው ምን እንደሚሆን አልነግርሽም። ሰኞ።"

ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ይባረራል፤ ከሥራ ሲባረር ደግሞ የጤና ጣቢያው በርም ይዘጋበታል። እንግዲህ ቅዳሜና እሑድ ውስጥ አንድ ሐኪም፣ አንድ ብቻ፣ አልዳነችም ብሎ ካልጻፈላት፣ ወይ እንጀራዋን ታጣለች ወይ ባሮክን ትገድላለች።

የሚታመን ሕክምና የት እንዳለ ብትጠይቅ የማይታመን ሕክምና በአገሩ የለም። የጠየቀችው ሰው ሁሉ የሄደበትን ያወድሳል። አንድ የሰፈር ሰው አንገት የሚያስተካክል ማሽን ቤት ደርሶ መጥቶ፣ "በጣም ጥሩ ናቸው፣ እጃቸው ይባረክ" አላት፤ ሲናገር አገጩ ትከሻው ላይ ነበር፣ ሊያያት ብሎ በጎን ይራመዳል። "ታዲያ አንገትህ?" ስትለው "ደህና ነው፣ ይመስገን" አለ። ሌላዋ የጭንቅላት ማቀዝቀዣ ቆብ አወደሰችላት፤ ቆቡ ከራሷ አልወልቅ ብሎ የሰንበቴ ምግብ ስትበላ እንኳ እንደደፋችው ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። እዚያ ያለው ሰልፍ ሌላ ቦታ አይታይም፤ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚቆመው። ዓይን ለዓይን ከተጋጠመ ሰላምታ ይመጣል፣ ሰላምታ ከመጣ መልስ ይመጣል፣ መልስ ከመጣ ድኖ ወደ ቤት ነው። እናቶች ልጆቻቸውን አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። አንድ ሽማግሌ ከሩቅ ዘመዳቸውን አይተው ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ተከናነቡ።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ የሚያደርጉት ዘበኛው ጋሽ ያፌት ናቸው። ክፋት የለባቸውም፤ እንዲያውም መላው ችግር ደግነታቸው ነው። ሰው ሁሉ ያሳዝናቸዋል። በሩ ላይ የደረሰውን ሁሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው ከልባቸው ይጠይቁታል። ከዶክተሩ ይልቅ በቀን ብዙ ሰው የሚፈውሱት እሳቸው ናቸው። ኤልዳና ተራዋ ሲደርስ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ልታልፍ ሞከረች።

"ልጄ፣ እንዴት አደርሽ?"

ዝም።

"ደህና ነሽ የኔ ልጅ?"

ዝም። ጥርሷን ነክሳለች።

"ምነው? ተቀየምሽኝ እንዴ?" አሉ ጋሽ ያፌት፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ እንደያዙ። ድምፃቸው ተሰበረ። "ሳላውቅ ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ…"

የአባቷ እኩያ ናቸው። ኤልዳና ሞት ቢሆን ይሻላት ነበር። "ኧረ ጋሼ! ምን አስቀይመውኝ! ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?" አለች፣ ሁለት ጉንጫቸውን እየሳመች።

"እሰይ!" አለ ሰሚ። በሩ ፊቷ ላይ ተዘጋ።

ጋሽ ያፌት ፊታቸው በራ። "ሂጂ ልጄ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ቤትሽ ግቢ" ብለው መረቋት።

ግድግዳውን ይዛ ቁልቁል ስትሄድ አለቀሰች፤ ማልቀሱም ያማታል። ዶክተር አቤኔዘር ያገኛት እንደዚህ ሆና ነው። በሽተኛ አጥቶ ገና በረፋዱ ሻይ ሊጠጣ የወጣ ወጣት ሐኪም ነው። አረማመዷን ከኋላ አይቶ፣ ሰላም ሳይላት፣ ሰላም አለማለቱ ራሱ ሕክምና ነበር፣ "እህቴ፣ ቁሚ እስቲ። ጭንቅላቴን ሳታንቀሳቅሺ ጣቴን በዓይንሽ ተከተይ" አላት።

"የእርስዎን ጭንቅላት?"

"ይቅርታ፣ ያንቺን። ሰው ካየሁ ቆይቻለሁ።" ጣቱን አቆመ። "ስንት ነው?"

"ሁለት።"

አንድ ነበር። ዓይኗን አየ፣ በአንድ እግሯ አቆማት፣ ስትወድቅ ደገፋት፣ እንቅልፏን ጠየቃት፣ ምሰሶው የት ጋ እንደመታት በእጁ ዳበሰ። ከዚያ "ጭንቅላትሽ ውስጡ ተናግቷል፣ ገና አልተሻለውም" አላት። ኤልዳና ከድንኳኑ ቀን ጀምሮ እንደዚህ ደስ የሚል ነገር አልሰማችም። እንባዋ እንደገና መጣ።

"ያክሙኛል?"

"እረፍት ነው መድኃኒቱ። ከዚያ ቀስ እያልሽ እንቅስቃሴ መጨመር፤ ለዓይንሽና ለሚዛንሽ የማሳይሽ ልምምድ አለ፤ እየመጣሽ አይሻለሁ።"

"በስንት ቀን እድናለሁ?"

"እሱን አላውቅም። ብዙው ሰው ይሻለዋል፣ ጊዜ ግን ይፈልጋል።"

በዚያ ከተማ "አላውቅም" ያላት የመጀመሪያው ሰው ነው። ኤልዳና በዚያች ቃል አመነችው፣ ካለ ምንም ምስክር።

"እንግዲያው ይጻፉልኝ።"

"አልችልም" አለ ዶክተሩ፣ አፍሮ። "ድነሻላ። የዳነ ሰው ያከመ ሐኪም ፈቃዱን ይነጠቃል።" ዙሪያውን አየና ጠጋ አላት። "አንድ መንገድ አለ። ሰሚ የሁሉን ሰው ቃል እኩል አይመዝንም። እኔ ፊት የምትናገሪው ምንም አይመዝንም፤ የጎረቤት ይሻላል፤ የእናት ግን ሁሉን ይሽራል። ለእናቱ የሚዋሽ ሰው የለም ተብሎ ነው የተሠራው። እናትሽ አሉ?"

"አሉ፣ መሐል ሜዳ ከተማ።"

"እናትሽ ሰምተው፣ እንዴት ነሽ ስትባዪ አንዴ ደህና አይደለሁም ካልሽ፣ ያን ቀን ተቀብዬሽ ሕክምናሽን እጀምራለሁ።"

"በቃ? ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው። እስካሁን ግን የቻለ በሽተኛ አልገጠመኝም" አለ ዶክተር አቤኔዘር። "አንዱ እግሩ ተቆርጦ ነበር። ለእናቱ ትንሽ ደከመኝ አላቸው።"

ከሰዓት በኋላ ማጉረምረም የሚያስተምር ሰው ዘንድ ሄደች። መምህር ናታን ይባላል፣ ሰው ሁሉ አወድሶላታል። አዳራሹ ሞልቷል። መምህሩ በመሃል እየተንጎራደደ ድንገት አንዱ ላይ ጣቱን ይቀስራል፣ "እንዴት ነህ?" ይላል።

"ደህና አይ…" ይላል ተማሪው፣ ደም ሥሩ እየተገተረ።

"ጎበዝ! ቀጥል!"

"ደህና አይደ… አይደ… ይመስገን!"

ኤልዳና ተራዋ ሲደርስ እስከ "አይደለ" ድረስ ደረሰች። ከዚያ የእናቷ ፊት መጣባት፣ ምላሷም ብቻውን "ደህና ነኝ" ብሎ አረፈው። ትምህርቱ ሲያልቅ መምህር ናታን "እንዴት ነበር ትምህርቱ?" ብሎ ጠየቀ። "በጣም ጥሩ ነው! እግዚአብሔር ይስጥልን!" አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ፣ አንድም ያለፈ ሰው ሳይኖር። ሰው ሁሉ ለምን እንዳወደሰላት ያኔ ገባት።

እሑድ ጠዋት እናቷ ወይዘሮ ብሌን እንደ ወትሮው ደወሉ። ኤልዳና መጋረጃውን ዘግታ፣ ወንበር ላይ ተደላድላ፣ ትንፋሿን ሰብስባ አነሳችው። ዛሬ እናገራለሁ ብላለች።

"ኤልዱዬ፣ እንዴት አደርሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማዬ። አንቺስ?"

"ይመስገን። ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። አንቺስ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ። ሥራ ደህና ነው?"

"ደህና ነው። ላሚቱስ?"

"ደህና ናት። ጭንቅላትሽስ እንዴት ሆነ?"

ይኸው መጣ። ኤልዳና አፏን ከፈተች። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ደም ግፊት ያለባቸው፣ ከእሷ ሌላ ልጅ የሌላቸው። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይነገራል?

"ደህና ነው፣ እማዬ። አታስቢ።"

"እሰይ! ሙሉ በሙሉ ድነሻል!" አለ ሰሚ።

ስልኩ ተዘጋ። ኤልዳና ትራሱን ፊቷ ላይ ደፍታ በራሷ ላይ ተናደደች።

ፀሐይ ዘንበል ሲል በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ብሌን ናቸው፤ ከባቡር ጣቢያ በእግራቸው መጥተው፣ አንድ ጠርሙስ ቅቤ በፎጣ ጠቅልለው ይዘዋል። ሳሟት፣ ገፋ አድርገው ገቡ፣ የተዘጋውን መጋረጃ አዩ፣ የቀሩትን የጠያቂ ብርቱካኖች አዩ፣ ተቀመጡ።

"በይ ንገሪኝ" አሉ።

"ምኑን?"

"ያልነገርሽኝን።"

"ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ፣ እማዬ።"

"አዎ፣ አልሽኝ። ስለዚህ ነው የመጣሁት።"

ኤልዳና ጭንቅላቷን እናቷ ጭን ላይ ጣለችና ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ምሰሶውን፣ ብርሃኑን፣ የሚጠፋትን ቃል፣ ሁለቱን ባሮክ፣ ዶክተሩ ያለውን። ሰሚ ይህን ሁሉ ሲሰማ ጭጭ ብሏል። ለቅሶ አይቆጥርም፣ ወሬ አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው የሰላምታን መልስ ብቻ ነው። "እንግዲያው እጠይቅሻለሁ፣ ትመልሺያለሽ" አሉ እናቷ። እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሞከሩ።

"ልጄ፣ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ።"

"እሰይ!" አለ ሰሚ።

"እንደገና። ደህና ነሽ?"

"ይመስገን።"

"እሰይ!"

ሳያስቡት ሳቁ፤ ኤልዳና እየሳቀች ሕመሙ ጭንቅላቷን ያዛት። ወይዘሮ ብሌን ነጠላቸውን አጥፈው በዓይኖቿ ላይ ጋረዱላት። "ተይው በቃ። አፍሽ እኔ ያሳደግሁት አፍ ነው፣ ጥፋቱ የኔው ነው" አሉ። "ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ።"

ሰኞ ጠዋት የጠባሴ ነፋስ ብርድ የተቀላቀለበት ነበር። ባሮክ የመጀመሪያውን የብረት ጥቅል አስሮ፣ መንጠቆው ሥር ቆሞ እጁን ያሟሙቃል። ኤልዳና ከመሰላሉ ግርጌ ደርሳ ቀና ስትል መሰላሉ ሁለት ሆነባት፤ የትኛውን እንደምትይዝ ስታመነታ፣ ከኋላዋ የነበሩት እናቷ በሠራተኛው መሃል ሰንጥቀው አለፉ፣ ባሮክን በእጃቸው ገለል አደረጉትና በታሰረው ብረት ላይ ቁጭ አሉ። ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ለረጅም ጉዳይ እንደመጣ ሰው።

ኢንጂነር ኪሩቤል እየሮጠ መጣ። በትልቅ ሰው ላይ መጮህ አይቻልም፤ ገና ሰላም ሳይሉ "ከዚህ ይነሡ" ማለትም ነውር ነው። ቆቡን አወለቀ።

"እማማ፣ እንዴት አደሩ?"

"ደህና አይደለሁም" አሉ ወይዘሮ ብሌን።

ያን ቃል ከሰው አፍ ሰምቶ የሚያውቅ በዚያ ግቢ አልነበረም። ሲሚንቶ የሚያቦካው ማሽን ብቻውን ቀረ፤ አንዱ ሄዶ አጠፋው።

"እ… ምን አሉኝ?"

"ደህና አይደለሁም። ወገቤ አያስተኛኝም። ጉልበቴ ደረጃ እምቢ ብሏል። ግራ ዓይኔ አያይም።"

ኢንጂነሩ ወዛ። ሰላምታው እዚያ ላይ ሊቆም አይችልም፣ ወደ ፊትም አይሄድም። "ቤተሰብ ግን… ደህና?"

"ደህና አይደሉም።"

"ከብቱስ?"

"ላሟ ጡቷ አብጧል።"

ምን ያድርግ? እንደ አዲስ ጀመረው። "እማማ፣ እንደምን አደሩ? ሁሉ ሰላም?" "ምኑ ሰላም ነው ልጄ" አሉት። ሌላ ሰው ይሻል እንደሆነ ብሎ የግንበኞቹን ኃላፊ ላከ፤ እሱም ቀርቦ፣ ጎንበስ ብሎ ጠይቆ፣ ወገባቸውን ሰምቶ ተመለሰ። ክሬኑ ቆሟል፣ የብሎኬት መኪኖች በር ላይ ተሰልፈው ጥሩምባ ይነፋሉ። ሰላምታ ስላላለቀ ሥራ አይጀመርም። በመጨረሻ ኢንጂነር ኪሩቤል እጁን አጣምሮ ፊታቸው ቆመ።

"ምን ልታዘዝ፣ እማማ?"

"ልጄን ጠይቃት" አሉ። "እንደኔ አድርገህ፣ ቆብህን አውልቀህ።"

ዞረ። ሠራተኛው ሁሉ አብሮት ዞረ። "እንዴት አደርሽ፣ ኤልዳና?"

"ደህና" አለ አፏ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ። ኤልዳና ከንፈሯን ነክሳ ያዘችው። ፈራች። ይህን ሁሉ ሰው ማሳፈር፣ እናቷን ማሳዘን፣ እንደ ክፉ ሰው መታየት፣ ሁሉም ባንዴ መጣባት። እፊቷ ሁለት ባሮክ ቆመዋል፤ ሁለቱም ቆባቸውን አውልቀው ግንባራቸውን በክንዳቸው ይጠርጋሉ፣ ሁለቱም ምን እንደምትል ይጠብቃሉ። መልሱን ለኢንጂነሩ አልሰጠችም። እናቷን ነው ያየችው።

"ደህና አይደለሁም፣ እማዬ" አለች። "ባሮክ ሁለት ሆኖ ነው የሚታየኝ። ክሬኑ ላይ ከወጣሁ አንዱን እገድለዋለሁ።"

ባሮክ ፈጠን ብሎ ከመንጠቆው አጠገብ ሸሸና ራቅ ብሎ ቆመ።

ሰሚ ብዙ ዘገየ። እንዲህ ያለ መልስ ሰምቶ ስለማያውቅ ምን እንደሚል ግራ ሳይገባው አልቀረም። ኋላ ላይ በዚያው ማር በሆነ ድምፁ፣ ሌላ የተሰጠው ቃል ስለሌለ፣ "እሰይ! ታመሻል!" አላት።

ማንም አልሳቀም። ከወደ ኋላ አንድ ግንበኛ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ "እውነት ለመናገር፣ እኔም ትከሻዬ…" አለ። "እሰይ!" አለ የሱ ሰሚ። ብረት ቆራጩ ጆሮው እንደማይሰማ ተናገረ፣ ጮክ ብሎ። ባሮክ ሳይቀር ከወለደች ጀምሮ ሚስቱ እንደማታናግረው አወጣው። ጥቂት ቆይቶ ግቢው "እሰይ! እሰይ!" በሚሉ ቁልፎች ሠርግ ቤት መሰለ። ኢንጂነር ኪሩቤል ብሎኬት ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ጨጓራው ላይ አድርጎ፣ ተራውን ይጠብቅ ነበር።

እናትና ልጅ ወደ ጤና ጣቢያው ለመሄድ ወጡ። ዶክተር አቤኔዘር ወሬው ደርሶት እንዲመጡ ልኮባቸዋል፤ የሚገቡትም በጓሮ በር ነው፣ ጋሽ ያፌት እንዳያገኟቸው። ኤልዳና የእናቷን ክንድ ይዛለች። ከድንኳኑ ቀን ወዲህ ደረቷ እንዲህ ቀሎት አያውቅም።

"እማዬ፣ ግን ያን ሁሉ በሽታ ከየት አመጣሽው?" አለች እየሳቀች።

"የቱን?"

"ዓይኔ አያይም ያልሽውን።"

"እሱንማ ከየት አመጣዋለሁ፣ እውነት ነው" አሉ ወይዘሮ ብሌን።

ኤልዳና ቆመች። ወደ ፊታቸው ዞራ አየቻቸው፤ ሁለት እናት አየች፣ የሁለቱም ግራ ዓይን ዳመና የመሰለ ነገር ጋርዶታል። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ቆይቷል።"

"በየቀኑ እኮ ነው የምንደዋወለው!"

"ታዲያ ትጠይቂኛለሽ፣ ደህና ነኝ እልሻለሁ። ምን እንድልሽ ፈልገሽ ነበር?"

ተናደደች፣ አፈረች፣ ደግሞም ልቧ ተሰበረ። እናቷ ከአንድ ቃል ሰምተዋት ባቡር ተሳፍረው መጡ፤ እሷ ግን ያን ያህል ጊዜ ስትሰማቸው አልሰማቻቸውም። ክንዳቸውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። እሳቸውም እጇን መታ መታ አደረጉላት። እንዲህ እንደተያያዙ ዋናው መንገድ ዳር ደረሱ።

"መኪና ይታይሻል?" አሉ እናቷ።

"ሁለት።"

"በየት በኩል?"

"በግራ።"

"እኔ በግራ በኩል ምንም አይታየኝም።" ወይዘሮ ብሌን ጥቂት አሰቡ። "እንግዲያው አንድ ነው ማለት ነው" አሉ። "እስኪያልፍ እንቁም።"

ቆመው አሳለፉት።